መሰላል የሌለበት ምስክር ወረቀት

ቾንግዶ፣ ማርች 9

ለተከበሩ ወንድሜ ለታክ ቦምሶክ፣

በተራራው ጥላ በኩል ያለው በረዶ ገና አልለቀቀም፤ እርስዎ ባሉበት ካምቦዲያ ግን ብርድ የሚባል ነገር እንደሌለ ሰምቻለሁ። ትንፋሽዎ ሰላም ነው? ሰውነትዎስ ደህና ነው? የአያቴም የእናቴም ትንፋሽ ሰላም ነው።

እስከዚህ ድረስ ያስጻፈኝ አያቴ ነው። «ለታላቅ ዘመድ ሲጻፍ መጀመሪያ የአየሩ ነገር ነው፣ ከዚያ የትንፋሹ ነገር ነው፤ እንደ ዶሮ ጥሬው ላይ ዘሎ አይወጣም» ብሎ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ነበር። አሁን ተነሥቶ ሄደ።

ሂቻን ነኝ። አያቶቻችን ወንድማማቾች ናቸው። ባለፈው ኦገስት በወንድሜ በኢንሆ ቀብር ላይ ፎቶውን ይዤ ከፊት የሄድኩት እኔ ነኝ፤ እርስዎ ሣጥኑን ከተሸከሙት አንዱ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ አልተያየንም።

የምጽፍልዎ ምክር ፈልጌ ነው። በዚህ ወር የሙያ ትምህርት ቤቱ ሦስተኛ ዓመት ገብቻለሁ። የክፍላችን ኃላፊ መምህር ናምጉንግ በኮምፒውተር ሙያ ሥራ ለመጀመር የትኞቹን ምስክር ወረቀቶች እንደምንፈተን መርጣችሁ አሳውቁኝ ብላናለች። ኢንሆ የመረጃ አሠራር የሚባለው የመንግሥት ወረቀት ነበረው። የኔትወርክ አስተዳዳሪም ሁለተኛ ደረጃ ነበረው። ሁለቱንም ያወጣው እዚሁ ትምህርት ቤት ሳለ ነው። የቀጠረው ድርጅት ወረቀቶቹን ተቀብሎ ፋይል ውስጥ ከተተና መሰላል ሰጠው፤ ከቤት ቤት ኢንተርኔት ሲዘረጋ ዋለ። ከጣሪያ የወደቀው በዝናብ ነው። ብቻውን ነበር። ይህን እርስዎም ያውቃሉ።

እናቴ «የፈለግከውን ተማር፤ ብቻ መሰላል የሌለበት ወረቀት ይሁን» አለችኝ።  ይህንኑ ለመምህሬ ብነግራት «ወረቀቱ ላይ መሰላል አይጻፍም እኮ ሂቻን» አለችና ፊቷን አዞረች። የኢንሆም መምህር ነበረች።

እርስዎ ዴጉ ከተማ በሶፍትዌር ድርጅት ሠርተዋል፤ አሁንም እዚያ በዚሁ ሙያ ላይ ነዎት ይባላል። እባክዎ ይንገሩኝ፤ ሰውን ወንበር ላይ የሚያስቀምጠው የትኛው ወረቀት ነው?

አክባሪዎ ሂቻን

ማርች 13

ሂቻን፣

እዚህ ብርድም የለም፣ ጥላም የለም። ትንፋሼ ሰላም ነው፤ ያስቸገረኝ ላቤ ነው። ትንሹን አያቴን፣ ያንተን አያት ማለቴ ነው፣ ጉልበታቸውን ስሜ ሰላም ብያለሁ በልልኝ።

«እርስዎ» የምትለውን ነገር ተው። የአያቶችን መቃብር ሣር ልናጭድ በሄድን ጊዜ ከነልብሴ ወንዝ ውስጥ የገፈተርከኝ አንተ አይደለህም? ያኔ «እርስዎ ይግቡ» ብለህ ነው የገፋኸኝ? ጋሼ በለኝ፣ በቃ።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ወረቀት ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ በር ያስከፍትልሃል፣ ሌላው ከገባህ በኋላ የት እንደምትቀመጥ ይወስናል። የመንግሥቱ ወረቀት በር ነው። ከሁሉ በፊት እሱን አውጣ። የኔትወርኩን አትንካ። መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ አዲስ ልጅ በእሱ ሲቀጠር ኬብል ተሸክሞ ነው የሚጀምረው፣ ኬብል ደግሞ ወይ ከመሬት በታች ነው ወይ ከጣሪያ በላይ። የዳታቤዙን ተፈተን። ዳታቤዝ ጣሪያ ላይ አይወጣም። ወረቀት እንደ ቴምብር የሚሰበስቡ ልጆች አሉ፤ ቀጣሪ ሲያያቸው «ይሄ ልጅ መቼ ሠርቶ ያውቃል?» ነው የሚለው። ሁለት ይበቃሃል። በጎን አንድ ትንሽ ነገር በራስህ እጅ ሥራ፤ የእናትህን የሥራ ቦታ የዕቃ መዝገብ እንኳ ቢሆን። ለቃለ መጠይቅ ስትቀርብ ስለ ወረቀቱ ሳይሆን ስለ እሱ ነው የምታወራው።

እዚህ ሥራ ቦታ ስልክ አይፈቀድም፤ ለመረጃ ደኅንነት ነው። በኢሜይል ጻፍልኝ። ኢሜይሉንም አለቃዬ በማሽን እያስተረጎመ ያየዋል፣ ሕጉ ነው። ስለዚህ የሴት ጉዳይ ካለህ አደራ፣ ቆንጆ አድርገህ ጻፈው።

ቦምሶክ

ቾንግዶ፣ ኤፕሪል 6

ለተከበርክ ጋሼ ቦምሶክ፣

የመንገድ ዳር ዛፎች አበቡ፤ አንድ ዝናብ ጣለና ሁሉም ረገፈ። ያንተ ትንፋሽ ሰላም ይሁን። የእኛም ሰላም ነው።

እንደነገርከኝ የመንግሥቱንና የዳታቤዙን መርጬ አስመዘገብኩ። መምህር ናምጉንግ አንብባ «ይህን ያለህ ሰው ሥራውን ያውቃል» አለች። ከክፍላችን ልጆች አንዱ ደግሞ «ሂቻን ዳታቤዝ የመረጠው መሰላል ፈርቶ ነው» አለ።  በእረፍት ሰዓት ያው ልጅ ከትምህርት ቤቱ ሱቅ የክሬም ዳቦ ገዝቶ ጠረጴዛዬ ላይ ጣል አደረገና ሳያናግረኝ ሄደ። በላሁት።

የማጠናው በኢንሆ መጽሐፍ ነው። መልሶቹ በእርሳስ ተጽፈውበታል። ላጠፋቸው ላጲስ አነሣሁና አልቻልኩም፤ በወረቀት ሸፍኜ እሠራለሁ። ስጨርስ ገልጬ አያለሁ። እሱ የሳተውን እኔም ስቼው አገኘዋለሁ። አንድ ጥያቄ ጎን «ይሄ ጥያቄ እብድ ነው» ብሎ ጽፏል። እውነትም እብድ ጥያቄ ነው።

እናቴ «ቦምሶክ እዚያ የሚሠራው በትክክል ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።  ንገረኝና ልንገራት።

ሂቻን

ሜይ 21

ሂቻን፣

ዝናቡ ጀምሯል። ሁላችሁም ደህና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። ስለዘገየሁ ይቅርታ፤ ወደ ሌላ ሕንፃ ተዛውረን ነበር።

የእኔ ሥራ ከሰው ጋር በኮምፒውተር መጻጻፍ ነው። ለእናትህ እንዲህ በላት።

ስለ ወረቀቶቹ ደግሜ አሰብኩበት። እውነቱን ልንገርህ፣ እዚህ ማንም ወረቀት አይጠይቅም። ድርጅቱ ራሱ ያሠለጥናል፤ በዓለም ሁሉ የሚሠራውን ምስክር ወረቀት ራሱ ያስፈትናል፣ የፈተናውንም ወጪ ይችላል። መኝታ አለ። ምግብ አለ። ከግቢ መውጣት አያስፈልግም። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ነህ፣ መሰላል የሚባል ነገር የለም። በኦገስቱ የትምህርት ቤት ዕረፍት ና። ፓስፖርት ካለህ ፎቶ አንሥተህ ላክ፤ ከሌለህ አውጣ።

ቤት ውስጥ ከእናትህና ከትንሹ አያቴ በቀር ማን አለ? ከዘመዶቻችን ፖሊስ ወይም የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠራ አለ? ለቅጥር ፎርሙ ነው የሚጠየቀው።

አለቃዬ ደብዳቤዎችህን አይቶ ጎበዝ ልጅ ነው ብሏል።

ቦምሶክ

ቾንግዶ፣ ጁን 4

ለተከበርክ ጋሼ ቦምሶክ፣

ሩዙ ተተክሎ አለቀ፤ ማታ ማታ የእንቁራሪት ጩኸት ነው። ትንፋሽህ ሰላም ይሁን።

የመንግሥቱን ፈተና የጽሑፍ ክፍል አልፌአለሁ! ያ እብዱ ጥያቄ ቁጥሩ ተቀይሮ መጣ፤ ሠራሁት። የተግባሩ ፈተና ኦገስት 23 ነው።

ደብዳቤህን ካነበብኩ ጀምሮ ስለ እሱ ብቻ ነው የማስበው። እዚህ የትም ብሄድ ኢንሆ ያስተካከለው የኢንተርኔት ሣጥን ግድግዳ ላይ አያለሁ። ከአውቶቡስ ፌርማታው አጠገብ ያለው ሣጥን ላይ የእሱ የእጅ ጽሑፍ አለ፤ ቀንና ፊርማ። አንዳንዴ አውቶቡሱ ያመልጠኛል። እዚያ ብመጣ ግን ግድግዳው ሁሉ የማላውቀው ሰው ግድግዳ ይሆናል።

ፓስፖርት አውጥቻለሁ፤ ፎቶውን ልኬልሃለሁ። ቤት ውስጥ ከሁለቱ በቀር ማንም የለም። ፖሊስ የሆነ ዘመድም የለንም፤ ይህን አንተም ታውቃለህ።

«ከግቢ መውጣት አያስፈልግም» ያልከውን ለእናቴ ሳነብላት «ለምን?» አለችኝ። «ሁሉም ነገር ግቢ ውስጥ ስላለ ነዋ» አልኳት። «እስር ቤትም ሁሉም ነገር ግቢ ውስጥ ነው» ብላ ሳህን ማጠቧን ቀጠለች። አትቀየማት፣ ከኢንሆ ወዲህ እንዲህ ሆናለች። መምህር ናምጉንግም የድርጅቱ ስም ማን ነው አለችኝ። ማን ነው?

ሂቻን

ጁላይ 8

ሂቻን፣

ፓስፖርቱ ደርሷል። ትኬትህ ለኦገስት 14 ተቆርጧል። የድርጅቱን ስም ስትመጣ ታየዋለህ። ለመምህርህ አትንገራት፤ ትምህርት ቤት ከገባበት ወሬው ይበዛል፣ ቅጥሩ ይበላሻል። የተግባር ፈተናውን ተወው። እናትህ ከሄድክ በኋላ ብታውቅ ይሻላል። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ስምህን የያዘ ሰው ይቀበልሃል።

ቦምሶክ

ቾንግዶ፣ ጁላይ 12

ለተከበርክ ጋሼ ቦምሶክ፣

ሙቀቱ ከበደ። ትንፋሽህ ሰላም ነው? በመጨረሻው ደብዳቤህ ላይ ስለ አየሩም ስለ ትንፋሹም ምንም አላልክም፤ አያቴ «ታሞ ይሆን?» አለ።

እመጣለሁ። ለመምህሬ አልነገርኳትም። ግን አንድ ነገር ቸግሮኛል። ኦገስት 9 የኢንሆ ሙት ዓመት ነው፤ በፎቶው ፊት የሙት ማዕዱን አቅርቤ የምሰግድለት እኔ ነኝ። ያለእኔ ሰው የለም። አያቴ «ከእኔ በኋላ መጥቶ ከእኔ በፊት ለሄደ ልጅ አልሰግድም፤ ደንቡም አይደለም» ብሎ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ። እናትም ለልጇ አትሰግድም። ታናሹ እኔ ብቻ ነኝ። ምን በየት በኩል እንደሚቀመጥ ስጠይቀው አያቴ አልሰማሁም ይላል። አንተ በልጅነትህ ክረምቱን ሁሉ እኛ ቤት ታሳልፍ ስለነበር እሱ እንዳስተማረህ አውቃለሁ። ምን ላድርግ?

ሂቻን

ጁላይ 29

ለውድ ወንድሜ ለሂቻን፣

ባሕሩ ዛሬ ጸጥ ብሏል። የትንሹ አያቴ ትንፋሽ፣ የእናትህ ትንፋሽ፣ ያንተም ትንፋሽ ሰላም ይሁን። የማዕዱን ነገር በጥሩ ሰው ነው የጠየቅከው። እንዳስተማሩኝ እነግርሃለሁ።

ሩዙና ሾርባው ከፎቶው ፊት ለፊት ይሁን። ዓሣው በምሥራቅ፣ ሥጋው በምዕራብ። የዓሣው ራስ ወደ ምሥራቅ ይዙር። ከፊት ባለው ረድፍ ፍራፍሬው ይቀመጣል፤ ቁርቁራ፣ ፖም፣ ያለህን ሁሉ። ከዚያ መሐል ላይ ኮክ አኑር። ትልልቅ ኮኮች ይሁኑ፣ ፀጉራቸው ሳይታጠብ። ኢንሆ ኮክ ይወድ ነበር። ከሌላው ሁሉ ብትረሳ ኮኩን አትርሳ። ኮኩን እንዳኖርክ ለትንሹ አያቴ ንገራቸው፤ ቦምሶክ ነው ያለኝ በላቸው። ደስ ይላቸዋል።

ከዚያ በኋላ ና። ትኬቱ ለ14 ነው። ሥራው ጥሩ ነው። ሁሉም ነገር ጥሩ ነው።

ቦምሶክ

ቾንግዶ፣ ኦገስት 1
(ይህን አልላክሁትም።)

ጋሼ፣

ወደዚያ አድራሻ እንደማልልከው እያወቅሁ ነው የምጽፈው። ለማን እንደምናገር ጠፍቶኝ ነው።

ኮኩን ገዝቼ ገባሁ። ከገበያው መግቢያ ላይ ከምትሸጠው ሴትዮ ትልልቆቹን መርጬ ነው። አያቴ በረንዳው ላይ ሬዲዮ ይሰማ ነበር።

«ለማን ነው?»

«ለኢንሆ ማዕድ።»

ሬዲዮውን ዘጋው። «ወንድምህን ከደጅ ልትመልሰው ነው?»

«እንዴት?»

«ኮክ ባለበት ቤት ሙት ይገባል እንዴ! ይሸሻል እንጂ! አባትህ ይህን ሳያስተምርህ ሞተ? ትምህርት ቤትስ ምንድን ነው የሚያስተምሯችሁ?»

«ጋሼ ቦምሶክ ነው ያለኝ።»

«ቦምሶክ እንዲህ አይልም።»

«ብሏል እኮ፣ ይኸው!» ብዬ አነበብኩለት። ስለ ዓሣው ሳነብ «ልክ ነው» አለ፣ ስለ ሥጋው ሳነብ «ልክ ነው» አለ። ኮኩ ላይ ስደርስ እጁን አነሣና አስቆመኝ። 

«ቦምሶክ አባቱ የሞተ ጊዜ ገና የወተት ጥርሱን አልነቀለም» አለ። «ከጓሮ ኮክ ቀጥፎ፣ አባቴ ይወዳል ብሎ ከማዕዱ ላይ አኖረ። እጁን መታሁት፤ 'አባትህን ልታባርረው ነው?' አልኩት። አባቴ ሄደብኝ፣ እኔ አባረርኩት እያለ አልቅሶ አልቅሶ አተኮሰው። ዓለምን ሁሉ ቢረሳ ይህን አይረሳም።»

«ታድያ ለምን ይለኛል?»

እናቴ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። እጇን በሽርጧ ጠረገች።

«እንዳይገባ ነው የሚለው» አለች።

«ማን? ኢንሆ?»

«ኢንሆ ሞቷል!» ብላ ጮኸች። ከቀብሩ ወዲህ ስትጮህ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። «አንተ ነህ እንጂ ማን አለ ሊገባ የተነሣ! አንተ እንዳትገባ ነው የሚለው!»

ሦስታችንም ኮኩን እያየን ቆምን። ለሌላው ሰው ፍሬ ነው። ደብዳቤህን በማሽን ለሚያነበው ሰውም ፍሬ ነው። እናቴ ከቦርሳዬ ፓስፖርቱን አወጣችና ወስዳ ደበቀችው፤ የት እንደሆነ አልነገረችኝም።

ጋሼ፣ ምን ውስጥ ነው ያለኸው?

ቾንግዶ፣ ኦገስት 3

ለተከበርክ ጋሼ ቦምሶክ፣

የፌንጣው ጩኸት ጆሮ ያደነቁራል። ትንፋሽህ ሰላም ይሁን፣ ሰላም ይሁን።

ስለ ማዕዱ የሰጠኸኝ ምክር በደንብ ደርሶኛል። ኮኩን እንዳልከው ለአያቴ ነገርኩት፤ በጣም ገብቶታል። እናቴም ገብቷታል።

አሁን ስለ ጉዞው። በ14 መነሣት አልችልም። የተግባሩን ፈተና ትቼ ከሄድኩ የጽሑፉም ውጤት ይሰረዝብኛል። ለአለቃህ ንገራቸው፤ ወረቀት ያለው ሰው ወረቀት ከሌለው ይሻላቸዋል። ደግሞም ይህን ሁሉ ያስተማርከኝ አንተ ስለሆንክ፣ አንተ እዚያ ከሌለህ እኔ ለሥራው አልጠቅምም። ውጤቱ በሴፕቴምበር ይወጣል። ከዚያ የዳታቤዙ አለ። እባክህ ጠብቀኝ።

ሂቻን

ኦገስት 19

ለውድ ወንድሜ ለሂቻን፣

የሁላችሁም ትንፋሽ ሰላም ይሁን። ስለ ኮኩ ደስ ብሎኛል። ማዕዱ በሥርዓቱ እንደሚቀርብ ሳውቅ ደህና እንቅልፍ ወሰደኝ።

አለቃዬ ስለ ትኬቱ ተቆጥቷል። ነገር ግን ወረቀት ያለው ሰው ይሻላል ብዬ አስረድቼዋለሁ። ስለዚህ ተፈተን። የዳታቤዙን ተፈተን፣ የሊኑክሱን ተፈተን፣ የመረጃ ደኅንነቱንም ተፈተን። ብዙ ወረቀት መሰብሰብ ጥሩ ነው። አትቸኩል። ከእያንዳንዱ ፈተና በኋላ ጻፍልኝ፣ ሌላው መቼ እንደሆነ ጨምረህ ጻፍልኝ።

የምጽፈው በግራ እጄ ስለሆነ ስሕተት ቢኖር እለፈው።

ቦምሶክ

ቾንግዶ፣ ሴፕቴምበር 11
(ይህንንም አልላክሁትም።)

ጋሼ፣

ሁሉንም ለመምህር ናምጉንግ ነገርኳት። አንብባ ስትጨርስ ጫማዋን ቀየረችና «ተነሥ» አለችኝ። ፖሊስ ጣቢያ ሄድን።

ወጣቱ ፖሊስ ደብዳቤዎቹን አገላበጠ። «ችግር ላይ ነኝ የሚለው የቱ ጋ ነው?»

«ኮኩ ጋ» አልኩት።

«ኮኩ ጋ?» ከኋላው የተቀመጠው ባልደረባው ሳቀ። «የኮክ ወንጀል ክፍል ፎቅ ላይ ነው በለው።»

መምህር ናምጉንግ ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «አንተ ልጅ፣ እናትህ የሙታን ማዕድ ላይ ኮክ ታቀርባለች?»

«አታቀርብም፣ መምህር።» እሱም የእሷ ተማሪ ነበር ለካ።

«አንተስ አቅርብ ብለህ ለሰው ትመክራለህ?»

«አልመክርም።»

«እንግዲያው ጻፈው።»

ጻፈው። ግን አንተ አዋቂ ሰው ስለሆንክ፣ በገዛ ፈቃድህ ስለሄድክ፣ የቅርብ ቤተሰብ ካላመለከተ ጉዳዩ አይንቀሳቀስም አለን። የእኔና ያንተ ዝምድና ለእነሱ ሩቅ ነው። ቡሳን ያለችው እናትህ ዘንድ ደወልን። ባሏ ነው ያነሣው። «ልጁ ደህና ነው፣ ደሞዙን ነው የሚቆጥረው» ብሎ ዘጋው።

ስለ ኢንሆም ደህና ነው ይሉን ነበር። ሥራ እየለመደ ነው ይሉን ነበር።

ስለ ግራ እጅህ የጻፍከውን ለአያቴ አላነበብኩለትም።

ኦክቶበር 2

ታክ ሂቻን

ቦምሶክ ሌላ ክፍል ተዛውሯል። ከአሁን በኋላ የምትጻጻፈው ከእኔ ጋር ነው። ምስክር ወረቀት አያስፈልግም። በዚህ ወር ና። የማትመጣ ከሆነ ሥራ የሚፈልግ የክፍል ጓደኛ ስምና አድራሻ ላክ።

ቾንግዶ፣ ኦክቶበር 3

ስምዎን ለማላውቅዎ ለተከበሩ፣

ሩዙ ታጭዷል፤ ጠዋት ጠዋት ጭጋግ ነው። ሰውነትዎ ደህና እንዲሆን እመኛለሁ።

የመንግሥቱን ፈተና አልፌአለሁ። ፓስፖርቴ አለ፤ ለመነሣት ዝግጁ ነኝ። የክፍል ጓደኞቼ ግን ሥራ ይዘዋል፣ የሚመጣ የለም። ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ።

በእኛ ቤት ታናሽ የሚነሣው ታላቁ ሲጠራው ነው። የወንድሜን የቦምሶክን ድምፅ በጆሮዬ ካልሰማሁ ከቤት አልወጣም። ስልክ ቁጥሬ ከዚህ ጋር አለ።

ታክ ሂቻን

ኦክቶበር 5

ነገ በምሳ ሰዓት ይደውላል። ሻንጣህን አዘጋጅ።

ቾንግዶ፣ ኦክቶበር 7
(አልላክሁትም።)

ጋሼ፣

ትናንት ስትደውል መምህራን ክፍል ውስጥ ነበርኩ። መምህር ናምጉንግ ሁሉንም አስወጥታ በሩን ቆልፋ፣ የድምፅ መቅጃዋን ከስልኬ አጠገብ አኑራ ነበር። አልነገርኩህም፤ እንዴት ልንገርህ።

«ሂቻን ነህ?» አልክ። ድምፅህን መጀመሪያ አላወቅሁትም።

«ነኝ ጋሼ።»

«ምሳ በላህ?»

«በላሁ። አንተስ?»

«በላሁ» አልክ። እንዳልበላህ አውቄአለሁ። ከኋላህ አንድ ሰው የሆነ ነገር አለ፤ አንተም ከወረቀት እንደሚያነብ ሰው «ሻንጣህን አዘጋጅተሃል? ሥራው ጥሩ ነው፣ ቶሎ ና» አልክ።

«አዘጋጅቻለሁ» አልኩ።   የጨረስክ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ባንዴ ጮኽክ። በቾንግዶ አነጋገር፣ ከወንዙ ማዶ ያለ ሰው እንደምትጠራ። «አትምጣ! ሂቻን፣ አትምጣ! የዕቃ ወደቡ በስተግራ ይታየኛል፣ ነጭ ሕንፃ ነው፣ መስኮቱ ሁሉ ብረት ነው፣ የኛ አገር ልጆች ብዙ...» ወንበር ሲወድቅ ሰማሁ። ሌላም ነገር ሰማሁ፤ እሱን አልጽፈውም። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።

ያንኑ ቀን ድምፁን ይዘን ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። ያ የሳቀው ሰውዬ ሁለቴ አዳመጠው። ከዚያ ወንበር አቀረበልኝና «ስሙን ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረኝ» አለኝ። ሶል ደወሉ። ከሶል ወደዚያ ይጻፋል አሉን። ጊዜ ይወስዳል አሉን።

አያቴ ማታ ምግብ አልበላም። «ደወለ ወይ?» አለኝ። «ደወለ» አልኩት። «ምን አለ?» «ምሳ በላህ ወይ አለኝ» አልኩት።

ድምፅህን አሰሙኝ ብዬ የጠየቅሁት እኔ ነኝ። ያ ወንበር የወደቀው እኔ ስለጠየቅሁ ነው።

ቾንግዶ፣ ኖቬምበር 30

ለተከበርክ ጋሼ ቦምሶክ፣

ውርጭ ገባ። የመንገዱ ዛፎች ራቁታቸውን ቀርተዋል። ትንፋሽህ ሰላም ነው? ሰውነትህስ? የአያቴ ትንፋሽ ትንሽ ከብዷል፤ የእናቴ ደህና ነው።

የዳታቤዙን ወረቀት አገኘሁ። የእናቴ የሥራ ቦታ የዕቃ መዝገብ ይሆን ዘንድ የሠራሁትን ትንሽ ፕሮግራም ይዤ ለቃለ መጠይቅ ቀረብኩ፤ ልክ እንዳልከው ስለ እሱ ብቻ ነው የጠየቁኝ። ከፌብሩዋሪ ጀምሮ ዴጉ ሥራ እገባለሁ። እናቴ ቦታውን ራሴ ካላየሁ ብላ ሄዳ ዓይታዋለች። ጽዳት የምትሠራውን ሴትዮ ይዛ መሰላል ፍለጋ መጋዘኑን ሁሉ አስከፍታ ነው የተመለሰችው።

ቀጣዩ የሊኑክሱ ነው፤ ማርች ላይ። ከዚያ የመረጃ ደኅንነቱ አለ፤ ጁን አካባቢ ነው። ከእያንዳንዱ በኋላ ጻፍልኝ ስላልከኝ እጽፋለሁ።

ከኦክቶበር ወዲህ መልስ አላገኘሁም። ግን የምልክልህ ደብዳቤ እዚያ ሲከፈት የእኔ ገጽ ላይ ያሳየኛል፤ የአገራችን ኢሜይል እንዲህ መሆኑን ታውቃለህ። ባለፈው ወር የላክሁት ተከፍቷል። ከዚያ ወዲህ የላክሁትም ተከፍቷል፤ እኔ የፈተና ክፍል ውስጥ ሳለሁ ነው የተከፈተው። ማን እንደሚከፍተው አላውቅም። አንተ ከሆንክ ምንም አትመልስ፣ መክፈትህ ይበቃኛል። ሌላ ሰው ከሆነ ደግሞ፣ እባክዎ፣ ያለበት ክፍል ድረስ ሄደው ያንብቡለት። ረጅም አይደለም።

ታናሽህ ሂቻን

ዲሴምበር 1፣ ጠዋት። ተከፍቷል።